በምስማር ቀዳዳ የገባች ፀሐይ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ቀስ በቀስ ይወርዳል።)

ዛሬ የምናወጋው ስለ ብርሃን ነው። በክረምት ስለ ብርሃን ማውራት ፀሐይን በሌለችበት ማማት ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን፣ እንማት። ሰው ሲታማ ብዙ ገመናው ይወጣል፤ የፀሐይም እንደዚያው ነው። አጠገባችሁ ማስመሪያ ካለ ግን ቀረብ አድርጉት፤ ወደ መጨረሻው እንፈልገዋለን።

ባለፈው ክረምት አንድ ሳምንት ደብረ ብርሃን ሰነበትኩ። የድሮ ባልደረባዬ፣ የፊዚክስ መምህር ነው፣ 24 የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስቦ "አምስት ቀን ስለ ብርሃን ብቻ እንማራለን፤ መጥተህ አግዘኝ" አለኝ። እኔም ማይክሮፎን ከመያዜ በፊት ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ነኝና እምቢ ማለት አልቻልኩም። "መሣሪያ አላችሁ ወይ?" ብዬ ስጠይቀው "ቁም ሣጥን ሙሉ!" አለኝ። ሄጄ ቁም ሣጥኑን ስከፍተው ያገኘሁት ጥቂት መስተዋቶች፣ አንድ እሽግ ሻማ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ከገበያ የተገዛች ቀይ ሌዘር፣ ፕላስተርና የካርቶን ክምር ነው።

ከተማዋን ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ደጋ ናት። ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም እንደ ምልክት ወስደው እዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ ይላል ታሪኩ። ያ ብርሃን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1456 የታየው፣ ዛሬ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ የምንለው ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። ከዚህ በኋላም የምጠራቸው ዘመኖች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታዲያ ብርሃንን በስሟ የያዘችው ከተማ ሰኞ ጠዋት በጭጋግ ተሸፍና ጠበቀችን። የሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ እንኳ ግማሹ አይታይም። አንድ ልጅ ጃኬቱ ውስጥ እንደተኮማተረ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ፀሐይ ሳትኖር ስለ ብርሃን ምን ልንማር ነው?"

ባልደረባዬ መልስ አልሰጠም። መስተዋት ግድግዳ ላይ አቆመና ጥያቄውን በጥያቄ መለሰ። "ቁመትህ 1 ሜትር ከ60 ነው እንበል። ከራስ ፀጉርህ እስከ ጫማህ ለመታየት ስንት ሜትር መስተዋት ያስፈልግሃል?"

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ያው 1 ሜትር ከ60 ነዋ!" አለ። ሌላው ግማሽ ደግሞ "ወደ ኋላ ከራቅክ ትንሽዬውም ይበቃል" አለ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ልጆቹ ክርክሩን በአፍ አልጨረሱትም። አንዷ መስተዋቱ ፊት ቆመች፤ ጓደኞቿ መስተዋቱን ከታች ወደ ላይ በወረቀት እየሸፈኑ ጫማዋ ከዓይኗ የሚሰወርበትን ቦታ ፈለጉ። ከላይም እንዲሁ አደረጉ። ሳይሸፈን የቀረው ሲለካ የቁመቷ ግማሽ ሆኖ ተገኘ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀች፤ ለውጥ የለም። አምስት እርምጃ፤ አሁንም ያው ነው። ሁለቱም ወገኖች ተሸነፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ከመስተዋት ሲመለስ፣ የገባበት ማዕዘንና የወጣበት ማዕዘን እኩል ናቸው። ስለዚህ ከጫማችሁ ተነሥቶ ዓይናችሁ የሚደርሰው ጨረር መስተዋቱን የሚነካው ከዓይናችሁና ከጫማችሁ ከፍታ እኩሌታ ላይ ነው። ብትርቁም ብትቀርቡም እኩሌታ እኩሌታ ነው።

ከዚያ ሁለት መስተዋቶችን እንደ ቤት ማዕዘን በ90 ዲግሪ አጋጠምን። ልጆቹ ፊታቸውን መጋጠሚያው ላይ አገኙት። ወደ ግራ ቢሄዱም ወደ ቀኝ፣ ፊታቸው ከመጋጠሚያው አይለቅም። ብርሃኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ዘሎ በመጣበት አቅጣጫ ይመለሳላ! ሦስተኛ መስተዋት ከሥር ብታነጥፉበት ደግሞ ከየትም ቢመጣ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ከብስክሌት ኋላ የምትታየው ቀይ አንጸባራቂ በእንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ማዕዘኖች የተሞላች ናት። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞችም በሐምሌ 1969 ይህንኑ የመሰለ ነገር ጨረቃ ላይ ትተው ተመልሰዋል። ከምድር የተላከ የሌዘር ብርሃን እዚያ ደርሶ በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ይመለሳል። ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከእኛ እንደምትርቅ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ልብ በሉ፤ ብርሃን እዚህ ላይ ማብራቱን ትቶ ሜትር ሆኗል። ነገሩን ያዙልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ማክሰኞ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ወረደ። ጨለማ ክፍል ስለፈለግን የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት ለመንን። የተሰባበሩ ዴስኮች የተከመሩበት፣ መስኮት የሌለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነው። ከጣሪያው አንድ ምስማር ወልቆ ቀዳዳው ቀርቷል፤ በዚያች ቀዳዳ ጠብ፣ ጠብ እያለ የሚወርደውን ውሃ ከሥሯ የተቀመጠ ባልዲ ይቀበላል። ቁልፉን ያመጡልን የጥበቃው አባት ቀዳዳዋን አየት አድርገው "ሬንጅ ገዝቼ እደፍናታለሁ እያልኩ ክረምቱ ቀደመኝ" አሉ። ልጆቹ ጋሼ ነው የሚሏቸው፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ።

በጨለማው ውስጥ ሦስት ሻማ በረድፍ አበራን። ከፊታቸው በመርፌ የተበሳ ካርቶን፣ ከካርቶኑ ወዲህ ነጭ ወረቀት አቆምን። በወረቀቱ ላይ ሦስት የሻማ ነበልባል ታየ፤ ሦስቱም ተዘቅዝቀዋል! ባልደረባዬ የግራውን ሻማ በእጁ ሲከልል ወረቀቱ ላይ የጠፋው የቀኙ ነው። ብርሃን በቀጥታ ስለሚጓዝ ከላይ የመጣው ወደ ታች፣ ከግራ የመጣው ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኛ ሰዎች በጠባብ በር ስንወጣ እንጋፋለን፣ እንረጋገጣለን። ሦስቱ ብርሃኖች ግን በአንዲት የመርፌ ቀዳዳ አልፈው አንዱ የሌላውን መንገድ አልነካም።

ይህን ሙከራ ከ1,000 ዓመት በፊት የሠራው ኢብን አል ሀይሰም የተባለ ሊቅ ነው። የተወለደው ባስራ፣ የዛሬዋ ኢራቅ ውስጥ ሲሆን ትልቁን ሥራውን የሠራው ግብፅ፣ ካይሮ ተቀምጦ ነው። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት የምናየው ከዓይናችን በሚወጣ ጨረር ነው ብለው ያምኑ ነበር። እሱ ግን የምናየው ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይናችን ሲገባ ነው አለ። መብራቶችን ከቀዳዳ ፊት ደርድሮ አንዱን ሲከልል የትኛው እንደሚጠፋ ተመለከተ። ከንግግር ይልቅ ሙከራን ዳኛ ያደረገ ሰው ነው።

ረቡዕም ፀሐይ የለችም። ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጥንና ልጆቹ ሳንቲሙ ከሳህኑ ጠርዝ በታች እስኪሰወርባቸው ድረስ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "አሁን አትንቀሳቀሱ!" ተባሉ። ባልደረባዬ ቀስ አድርጎ ውሃ ሲጨምር ሳንቲሙ ከተቀበረበት የተነሣ ይመስል ብቅ አለ። "ተንሳፈፈ!" ብሎ የጮኸ ነበር። ሄዶ ሲነካው ሳንቲሙ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ብርሃን በአየር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ውሃ ውስጥ ሲሆን ወደ 225,000 ይወርዳል። እጅ ለእጅ ተያይዘው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎችን አስቡ፤ ደረቁን መሬት ጨርሰው ሰያፍ ወደ ሆነ ጭቃ ሲገቡ፣ ቀድሞ ጭቃው ውስጥ የገባው ወገን ይዘገያል፤ ያልገባው ይቀድማል፤ ሰልፉም ይታጠፋል። ብርሃንም የሚታጠፈው እንዲሁ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ስብረት የሚባለው ይህ ነው። ሳንቲሙ ያለበት ሌላ፣ ያለ የሚመስለን ሌላ።

ወላጆች፣ ይህችን ለልጆች ንገሯቸው። ጥርት ያለ ኩሬ ከላይ ቀጥ ብለው ሲያዩት ከእውነተኛ ጥልቀቱ ሦስት አራተኛውን ብቻ ያህል ይመስላል። ሁለት ሜትር የሆነው አንድ ሜትር ተኩል መስሎ ይታያል። "እግሬ ይደርሳል" ብሎ የሚገባ ልጅ የሚታለለው በዚህ ስብረት ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሊያዩን መጡ። ከደረት ኪሳቸው የንባብ መነጽራቸው ብቅ ብሏል። ባልደረባዬ አስፈቅዶ ተቀበላቸው። ብርጭቆው ላይ ከተገዛ ጀምሮ ያልተላጠች ትንሽ ምልክት አለች፤ "+2.00" ትላለች። "ይህ ቁጥር ምንድን ነው?" አለ። ማንም አላወቀም፤ ጋሼም "ሻጩ የሰጠኝ ነው" አሉ። መስኮቱን ከፍተን፣ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈን፣ መነጽሩን ወደ ግድግዳው ማቅረብ ማራቅ ጀመርን። በአንድ ቦታ ላይ፣ ድንገት፣ ውጭ ያለው ባሕር ዛፍ ከነቅርንጫፉ ወረቀቱ ላይ ተሳለ፤ ጫፉ ወደ ታች፣ ግንዱ ወደ ላይ። በማስመሪያ ተለካ፤ ከመነጽሩ እስከ ወረቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር። አንድ ሜትርን ለሁለት ብታካፍሉት ስንት ነው? 50 ሴንቲ ሜትር! የመነጽሩ ቁጥር ይህ ነው። "+1" ቢሆን ምስሉ በአንድ ሜትር፣ "+4" ቢሆን በ25 ሴንቲ ሜትር ላይ ይጠራል። ጋሼ መነጽራቸውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። "ስንት ዓመት አፍንጫዬ ላይ ተሸክሜው!" አሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ሐሙስ ጠዋት፣ ከ4 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ግቢው በሩጫ ተሞላ። "ወጣች! ወጣች!" ይላሉ። ደመናው ተከፍቷል። ወደ ውጭ የሮጡትን ባልደረባዬ መለሳቸውና ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባቸው። "ፀሐይ ውጭ ወጥታ እኛ ጨለማ ቤት?" እያሉ እያጉረመረሙ ገቡ።

በሩ ሲዘጋ ሁሉም ዝም አለ። ከምስማሩ ቀዳዳ እንደ ነጭ ክር የቀጠነ ጨረር ወርዶ ወለሉ ላይ ቆሟል። በመንገዱ አቧራው ሲጨፍር ይታያል። ባልዲውን ገፋ አድርገን ነጭ ወረቀት ለጨረሩ ፊት ለፊት ያዝንለት። ወረቀቱ ላይ ጠርዟ ትንሽ ብዥ ያለ፣ ክብ የብርሃን ጠብታ ታየች።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ቀና ብላ ቀዳዳውን አየች። "ቲቸር፣ ቀዳዳው እኮ ክብ አይደለም። ምስማሩ ሲወልቅ ተቀዷል። ብርሃኑ ለምን ክብ ሆነ?"

ባልደረባዬ መልሱን ሊጀምር ሲል ፀሐይዋ መለሰችላት። ቀጭን ደመና በሰማይ ሲያልፍ፣ ወረቀቱ ላይ ባለችው ክብ ላይም እንደ ጭስ ያለ ጥላ ከአንድ ጎን ገብቶ በሌላ ጎን ወጣ። ልጅቷ "እንዴ! ይሄ ቀዳዳው አይደለም… ፀሐይ ናት!" አለች። አዎን፣ ፀሐይ ናት። ማክሰኞ ሻማዎቹ ተዘቅዝቀው እንደታዩ፣ ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ራሷ ፎቶዋን ወለል ላይ ጣለች። ክብ የሆነችው ፀሐይ ክብ ስለሆነች ነው።

በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት የሆነችበትን ግርዶሽ ታስታውሳላችሁ? ያን ጊዜ ፀሐይዋ በከፊል በተሸፈነችባቸው ቦታዎች፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለው መሬት በማጭድ ቅርጽ ብርሃን ሊሞላ ይችል ነበር። በቅጠሎች መካከል ያለ እያንዳንዱ ክፍተት እንዲህ ያለ የምስማር ቀዳዳ ነውና። በሌላ ቀን ዛፍ ሥር የምናያቸው ክብ ክብ ነጠብጣቦችም እያንዳንዳቸው የፀሐይ ምስል ናቸው። ዕድሜ ልካችንን ስንረግጣቸው ኖረናል።

አሁን ወደ ሥራ። ጋሼ መሰላል ላይ ወጥተው የሲባጎ ጫፍ ከቀዳዳዋ ላይ ያዙ። ከቀዳዳዋ እስከ ወረቀቱ 3 ሜትር ከ20 ተለካ። የክቧ ስፋት ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር። አንዱ ልጅ በእርሳስ ዙሪያዋን ሲያሠምር "ኧረ አትሂጂ!" እያለ ይማጠናታል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ክቧ የራሷን ስፋት ያህል ተንሸራታ ከመሥመሩ ወጥታለችና። የምትሽከረከረው ምድራችን ናት፤ እኛም ዕቃ ቤቱም አብረን እየዞርን ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 320 ሴንቲ ሜትር ለ3 ሲካፈል 107 ገደማ ነው። ይኸውም የፎቶዋ ርቀት የስፋቷን 107 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ለእውነተኛዋ ፀሐይም ዝምድናው ያው ነው። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህን ለ107 አካፍሉት፤ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ይመጣል። ሳይንቲስቶች የሚያውቁት የፀሐይ ስፋት 1 ሚሊዮን 390 ሺህ ገደማ ነው። በወለቀ ምስማር፣ በሲባጎና በአምስት ብር ማስመሪያ እዚህ ድረስ መጡ። ጋሼ ከመሰላሉ ሳይወርዱ "በዚች ቀዳዳ?" አሉ።

ከደስታው መሐል ግን አንድ እጅ ወጣ። ሰኞ ጃኬቱ ውስጥ የተኮማተረው ልጅ ነው። "150 ሚሊዮኑንስ ማን ለካው?" ባልደረባዬ ፈገግ አለና "ነገ" አለው።

ያን ቀን ሌላም ትርፍ አገኘን። ወደ 10 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ሳትጠፋ ዝናብ ጣለ። ልጆቹ "ጅብ ወለደች! ጅብ ወለደች!" እያሉ ወጡ። ጅብ በወለደች ቁጥር ደግሞ የማርያም መቀነት የምትታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በስተ ምሥራቅ ተዘረጋች። "ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ፤ የራሳችሁን ጥላ መሬት ላይ ፈልጉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከራስ ጥላችሁ ጀምሮ በስንዝር ለኩ" አልናቸው። አንድ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር፣ እዚያ ላይ ቀለሙ ጀመረ። በተዘረጋ ክንድ ጫፍ አንድ ስንዝር 20 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ቀስተ ደመና የሚቆመው ከጥላችሁ 42 ዲግሪ ላይ ነው። ብርሃን በእያንዳንዷ የዝናብ ጠብታ ገብቶ፣ ታጥፎ፣ ከጀርባዋ ተመልሶ፣ እንደገና ታጥፎ ሲወጣ በዚህ ማዕዘን ላይ ይጠናከራል። ቀይና ሰማያዊ እኩል ስለማይታጠፉም ይለያያሉ። ኒውተንም በ1660ዎቹ በፕሪዝም ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለማት ድምር መሆኑን።

የማርያም መቀነት እኩለ ቀን ላይ ለምን እንደማትታይም አሁን ገባችሁ። በክረምት በእኛ አገር 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ፣ ጥላችን እግራችን ሥር ናት። ከዚያ ሁለት ስንዝር ብትለኩ መሬት ላይ ትቀራላችሁ እንጂ ሰማይ አትደርሱም። መቀነቷን ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ፈልጓት።

(አጭር ሙዚቃ)

ዓርብ ከትልቁ ወደ ትንሹ ወረድን። አንዲት ተማሪ ከሹሩባዋ አንድ ፀጉር መዘዘች። ፀጉሩን በካርቶን መስኮት ላይ በፕላስተር ወጥረን ሌዘሯን በላዩ አበራን። ከ3 ሜትር ርቀት ግድግዳው ላይ የአንድ ፀጉር ጥላ ይወድቃል ብለን ብንጠብቅም የታየው ሌላ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር እያለ የተደረደረ ረጅም መስመር።

ይህን የመሰለ ነገር በ1803 ለእንግሊዝ ሊቃውንት ያቀረበው ቶማስ ያንግ የተባለ ሐኪም ነው። እሱም የጀመረው በመስኮት መዝጊያ ላይ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ በገባች ፀሐይ ነበር፤ ጨረሯን በቀጭን የካርድ ቁራጭ ለሁለት ከፈላት። ብርሃን እንደ ውሃ ማዕበል ነው፤ በፀጉሩ ግራና ቀኝ ያለፉት ሁለት ማዕበሎች ግድግዳው ላይ ሲገናኙ፣ አንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋፋሉ። ብርሃን በብርሃን ላይ ተጨምሮ ጨለማ ሲሆን ታዩታላችሁ። ፀጉሩ በቀጠነ መጠን ደግሞ ጥቁሮቹ ይራራቃሉ።

በጥቁሮቹ መካከል ያለው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ሆነ። የሌዘሯ ምልክት የማዕበሏን ርዝመት 650 ናኖ ሜትር ይላል፤ ከ1,500 በላይ ማዕበሎች ተደርድረው አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ ማለት ነው። የማዕበሉን ርዝመት በግድግዳው ርቀት አባዝተን በጥቁሮቹ ርቀት አካፈልን። የፀጉሩ ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር! ማስመሪያዋ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል አንድ ሚሊ ሜትር ናት። ከዚያች በታች ሊለካ የማይችለውን ማስመሪያ፣ ብርሃን አግዞት አስለካው። ሐሙስ ፀሐይን፣ ዓርብ ፀጉርን፤ በዚያችው ማስመሪያ።

"ነገ" የተባለው ልጅ ቀጠሮውን አልረሳም። 150 ሚሊዮኑ እንዴት ተገኘ? ፕላኔቶች ከፀሐይ ያላቸው ርቀት እርስ በርስ ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሆነ ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከኬፕለር ዘመን፣ ከ1600ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይታወቃል። ካርታው ነበረ፤ ጎደሎው የካርታው መጠን ነው። አንዱ ርቀት በኪሎ ሜትር ቢታወቅ ሁሉም ይታወቃል። በ1961 ሳይንቲስቶች የራዳር ሞገድ ወደ ቬነስ ልከው የገደል ማሚቶውን ጠበቁ። ሄዶ የተመለሰበት ጊዜ ርቀቱን ከቀድሞው ልኬት ሁሉ ይበልጥ በትክክል ነገራቸው። የራዳር ሞገድ ደግሞ ዓይን የማያየው የብርሃን ወንድም ነው፤ በዚያው ፍጥነት ይሮጣል። አሁን ይህን ድምፄን ከአንቴና ተነሥቶ ሬዲዮናችሁ ድረስ የሚያመጣላችሁም እሱ ነው። ቬነስን ለክቶ የመጣው የብርሃን ዘመድ ነው ቤታችሁ የገባው።

ልጁ ራሱን ነቀነቀና፣ እጁን ሳያወርድ፣ አንድ ጨመረ። "እሺ፤ ማስመሪያውንስ ማን ለካው?"

ክፍሉ ሳቀ። ባልደረባዬ ግን አልሳቀም፤ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀው ይህን ጥያቄ ነበር። ፈረንሳዮች በ1790ዎቹ ሜትርን ሲፈጥሩ ከምድር ነው የወሰዱት፤ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት 10 ሚሊዮንኛውን እጅ። ከዚያ የፕላቲነም ዘንግ አስቀርጸው ያንን ዘንግ ሜትር አሉት። ዘንግ ግን ይሰፋል፣ ይኮማተራል፣ ይጫራል። ዓለምም ተስማምቶ ዘንጉንም ምድርንም ተወ። በ1983 ደግሞ ሜትር ከብርሃን ተወሰደ። አንድ ሰከንድን ለ299,792,458 ክፈሉት፤ በአንዷ ክፍል ጊዜ ብርሃን ባዶ ቦታ ውስጥ የሚሄደው ርቀት አንድ ሜትር ነው ተባለ።

ያቀረባችሁትን ማስመሪያ አሁን አንሡት። 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነች፣ ብርሃን ከጫፍ እስከ ጫፏ የሚያልፈው በሰከንድ ቢሊዮንኛ እጅ ገደማ ውስጥ ነው። ልጆቹ በማስመሪያ ብርሃንን የለኩ መስሏቸው ነበር፤ ማስመሪያዋ ራሷ የብርሃን ቁራጭ ኖራለች።

አድማጮች፣ የቤት ሥራ አለን። ፀሐይ ብቅ ስትል ካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ ብሱ፤ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን ወረቀት ላይ ጣሉት። ርቀቱን ለስፋቱ አካፍሉና ወደ 107 መቅረቡን እዩ። ቀዳዳው ለወረቀቱ ነው፤ በቀዳዳው አሾልካችሁ ፀሐይን በፍጹም አትመልከቱ፤ ማጉያ መነጽርም ወደ እሷ አታዙሩ። ሌዘርን በራሳችሁም በሰውም ዓይን ላይ አታብሩ። የዓይን መረብ ሲቃጠል አያምም፤ ሕመም የለምና ሰው የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልሰናበት ስሄድ ጋሼ የገዙት የሬንጅ ጣሳ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። "ሊደፍኗት ነው?" አልኳቸው። ልጆቹ ለምነዋቸው ኖሯል፤ በመስከረም ሌሎች ልጆች ሊለኩባት ነው። "ባልዲው ይበቃታል" አሉኝ፣ "ዝናብ ስታስገባ ስንቱን ክረምት ኖረች፤ ፀሐይ ማስገባቷን ያወቅኩት ገና ዘንድሮ ነው።"



(የመዝጊያ ሙዚቃ)